ልጆቻችን ስለ ሰው መልክ ሲጠይቁን

የሚነበበው ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 እስከ 39

በክርስቶስ የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ በሀዋታና በገዳሪፍ ምድር ሁሉ በእርሻና በገበያ፥ በሰው ቤትና በልዩ ልዩ ሥራ የምትደክሙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ትልልቆች የሚሸሹት፥ ትንንሾች ግን በየቀኑ የሚጠይቁት ነው፤ ይኸውም የሰው መልክና የሰው ዘር ነው።

ሀዋታ የተቀመጠችበትን የራሐድን ወንዝ በላይ በአገራችን ሽንፋ ይሉታል። ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ በክረምት ሞልቶ ይወርዳል፤ በበጋ ግን አሸዋው ብቻ ይቀራል። ሰዉም እንደ ውኃው ከብዙ ስፍራ ወደዚህ ምድር ወርዶአል። በገዳሪፍ ገበያዎች የዐረብ ወገን አለ፤ ሐውሳና ፉላኒ አለ፥ የእነዚህም የብዙዎቹ አያቶች ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩ ናቸው፤ ማሳሊት አለ፥ ቤጃ አለ፥ ከኑባ ተራሮች የመጣም አለ። ከእኛም አገር ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ የሚመጡት እጅግ ብዙ ናቸው፤ መጥተውም የቀሩ፥ ልጅ ወልደው ያሳደጉ አሉ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል የሚያድግ የአራት ዓመት ሕፃን ዓይን የለውምን? የጎረቤቱን ልጅ እጅ ከራሱ እጅ ጋር አስተያይቶ፥ «የእርሱ ለምን ይጠቁራል?» ይላል። ከውጭ ገብቶ፥ «እኔን ለምን ሐበሺ ይሉኛል?» ይላል። አንዳንዱም ማታ ከጸሎት በኋላ፥ «እግዚአብሔር የሚወደው የትኛውን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ብዙ ወላጆች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ፥ «ዝም በል! ነውር ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ጎረቤት እንዳይሰማና እንዳይቀየም ፈርተው ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ከዚህ ምን ይማራል? ዝናብ ለምን እንደሚዘንብ ቢጠይቅ አልተቆጡትም፤ የግመል አንገት ለምን እንደ ረዘመ ቢጠይቅ ሳቁለት፤ ስለ ሰው መልክ ሲጠይቅ ግን አፉን በእጃቸው ያዙት። ስለዚህ ጥቁር መሆን በአፍ የማይጠራ፥ የሚሸፈንና የሚታፈርበት ነገር ነው ብሎ በልቡ ያኖራል። ቃል ሳይናገሩ ያስተማሩት ትምህርት ይህ ነው፤ ቃል ተናግረው ካስተማሩትም ይልቅ ይዘልቃል።

ለሕፃን የሚገባው መልስ አጭርና እውነተኛ ነው። «አዎን፥ የእርሱ እጅ ከአንተ እጅ ይጠቁራል። እርሱንም አንተንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ሁለታችሁንም ሲያይ መልካም ነው አለ» ማለት ይበቃል። ማርቲን ሉተር በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም ሲያዘጋጅ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የቤት አባት ቤተ ሰቡን እንዲያስተምርበት አስቦ ነበር። የሃይማኖት መግለጫውን የመጀመሪያ ክፍል ሲያብራራም ስለ ሰማይና ስለ ምድር ከመናገሩ በፊት፥ እግዚአብሔር እኔን ፈጠረኝ፥ ዓይኔንና ጆሮዬን፥ ሥጋዬን በሙሉ ሰጠኝ ብሎ እንድናምን ያስተምረናል። ልጁ ይህን በቃሉ አጥንቶ ሳለ፥ በዚያው ቤት ውስጥ ስለዚያው ሥጋ ሌላ ነገር ቢሰማ የትኛውን ያምናል?

ወገኖች ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው በቤት ውስጥ ነውና። ሕፃን በተወለደ ጊዜ ለአራስ ጥየቃ የመጣው ዘመድ የሕፃኑን ጆሮ ገልጦ አይቶ፥ «ይህስ ይጠቁራል» ሲል፥ እናቲቱም እንደ በደለኛ አንገቷን ስትደፋ ያላየ ማን ነው? ከአንድ ማኅፀን ከወጡት መካከል አንዱን «ቀዩ» ብለው ይጠሩታል፥ ሌላውን «ይህ ከማን አመጣው?» እያሉ ይሥቁበታል። ቀልድ ነው ይባላል። ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅ ፊቷን በሳሙና ደጋግማ ስታሽ፥ ያንን ቀልድ ከቤተ ሰቡ ሁሉ በላይ አምናበታለች ማለት ነው።

ከዚህም የሚከፋ አንድ ቃል አለ። ውኃ የሚያመላልሰውን፥ ማገዶ የምትሸጠውን፥ በእርሻ ላይ አብሮ የሚያርመውን ሰው መልኩ ስለ ጠቆረ ብቻ «ባሪያ» ይሉታል። ይህ ቃል በዚህ ድንበር ላይ ባዶ ቃል አይደለም። ከሀዋታ ሩቅ ያልሆኑት መተማና ጋላባት በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቁ የባሪያ ገበያዎች ነበሩ። የጉሙዝ ሰዎችና ሌሎችም ከመንደራቸው እየተነጠቁ፥ እናት ከልጅ እየተለየች በዚያ ተሸጠዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሲሆን ባርነትን ሊያጠፋ ቃል ገባ፤ በ1942ም ባርነትን በአዋጅ ፈጽሞ ከለከለ። ሕጉ ገበያውን ዘጋ፤ ቃሉ ግን ከገበያው ተርፎ በቡና መካከል ተቀምጦአል። ልጆች ደግሞ ቡና ሲጠጣ አጠገባችን ናቸው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ወንድሙን በስድብ የሚጠራውን ሰው ጉዳይ ያነሣው «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አያይዞ ነው። በካቴኪዝማችን ቍጥር ይህ አምስተኛው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ልጅ ይህን ቃል ከአፉ ቢያወጣ፥ «እንዲህ ማለት ጨዋነት አይደለም» ማለት አይበቃም። ጨዋነት እንግዳ ሲመጣ የሚለበስ፥ ሲሄድ የሚወልቅ ልብስ ነው። «ይህ ቃል ሰው የተሸጠበት ቃል ነው፤ እግዚአብሔር በአምስተኛው ትእዛዝ ይከለክለዋል፤ በዚህ ቤት ማንም አይናገረውም፥ አባትህም ቢሆን» ይባል። ከዚያም አባት ራሱ ይጠብቀው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ሊያመካኙ ይወዳሉ። ኖኅ ካምን ረግሞታል፥ ጥቁሮችም የካም ልጆች ናቸውና ተረግመዋል ይላሉ፤ ይህንም ለልጆች እንደ ተረት ይነግሩአቸዋል። መጽሐፉን ግለጡትና አንብቡ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ የረገመው ካምን አይደለም፤ ከነዓንን ነው። በምዕራፍ 10 የካም ልጆች አራት ሆነው ተቈጥረዋል፤ ኩሽ፥ ምጽራይም፥ ፉጥና ከነዓን ናቸው። የኩሽ ስም በእርግማኑ ውስጥ ከቶ የለም። ደግሞም ኩሽ የሚለውን ቃል በእኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያ ብለን እናነበዋለን፤ እንግዲህ ይህን ተረት የሚያወራ ኢትዮጵያዊ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ የሚቈርጥ ሰው አይደለምን? በእንደዚህ ያለ ተረት ባሕር ማዶም ሰው ለመሸጥ ተመካኝቶበታል። ልጆች ማንበብ ሲጀምሩ ይህን ስፍራ በጣታቸው እየጠቆሙ ራሳቸው እንዲያነቡት አድርጉ፤ የተረገመውን ስም ፈልገው ሲያገኙ ከማንም ስብከት የበለጠ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ተነበበው ክፍል እንምጣ። በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ የነበረው ጃንደረባ የንግሥት ሕንደኬ ሹም ነበረ። ይህን ታሪክ ስንናገር «ኢትዮጵያዊው የእኛ ነው» ብለን ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ ብለው የጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ነበር፤ ሕንደኬም የመርዌ ነገሥታት ቤት የማዕርግ ስም ነው። መርዌ ዛሬ ከካርቱም በስተ ሰሜን በዓባይ አጠገብ ፒራሚዶቿ ቆመው የሚታዩባት ስፍራ ናት። በሀዋታ ለሚያድግ ልጅ ይህ ምን ያህል የሚያስደስት ነገር ነው! ያ ሰው የሄደበት አገር ልጁ ዛሬ የሚኖርበት አገር ነው። ጥቁር ነው ብሎ የሚሣለቅበት የጎረቤቱ ልጅ የዚያ ጃንደረባ አገር ሰው ነው።

ታሪኩንም ለሕፃን ስትነግሩ ሦስት ነገር እንዳያመልጣችሁ። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ የሮጠው ወደ እንግዳ ሰው፥ መልኩና ቋንቋው ወደ ተለየው ሰው ነው። ቀጥሎም ወጥቶ ከእርሱ ጋር ተቀመጠ። በመጨረሻም ጃንደረባው እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ንባቡን አቁሙና ልጁን ጠይቁት፤ «የሚከለክለው ነገር አለን?» በሉት። ጃንደረባ በኦሪት ሕግ ወደ ጉባኤው እንዳይገባ የተከለከለ መሆኑን፥ በኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ግን ተስፋ እንደ ተሰጠው ለትልልቆቹ ልጆች ልትነግሩአቸው ትችላላችሁ፤ ትንሹ ግን መልሱን ያለዚያ ያውቀዋል። ውኃው በአጠገባቸው ነበረ፥ ወረዱም።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ይህን ግን በጥንቃቄ ተናገሩት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ማርያምና አሮን ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት ስላገባ አሙት፤ ማርያምም ለምጽ ወጣባት፥ እንደ በረዶም ነጣች። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ «ጥቁሯን ስለ ሰደበች ነጭ ሆነች» ይላሉ። እንግዲህ ነጭ መሆን ቅጣት ነው ብለው እንዳይሄዱ ለምጽ ደዌ እንጂ የሰው መልክ አለመሆኑን ንገሩአቸው። በዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚያስደንቀን መጨረሻው ነው። ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ስትቀመጥ ሕዝቡ ሁሉ እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። እግዚአብሔር ክፉ አፏን ገሠጸ፥ ሕዝቡ ግን ጠበቃት። የተሳደበ ልጅ ሲቀጣም እንዲሁ ይሁን፤ ይገሠጽ፥ ይቅርታም ይጠይቅ፥ ከዚያም ማዕዱ እርሱን ይጠብቅ።

አቤሜሌክንም አትርሱ። ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጕድጓድ ተጥሎ ሳለ ለንጉሡ ተናግሮ ያወጣው ይህ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅ አብሮ ጣለለት። ሕፃናት ይህን ጨርቅ ከገመዱ ይልቅ ያስታውሱታል። በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ካሉት መምህራን አንዱ ስምዖን ኔጌር ይባል ነበር፤ ኔጌር ማለት ጥቁር ማለት ነው፥ የተጻፈውም ከነቢያትና ከመምህራን ተራ ነው።

ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም አንድ ቃል እንናገር። እንግሊዛዊው ሰባኪ ስፐርጀን በ1866 ፊደል የሌለበት፥ ቀለም ብቻ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ይዞ ሰብኮ ነበር፤ ጥቁሩ ገጽ ኃጢአት፥ ቀዩ የክርስቶስ ደም፥ ነጩ ንጽሕና ነው። ይህ መጽሐፍ በሚስዮን ሁሉ ዞሮአል፥ ብዙዎችንም ጠቅሞአል። ነገር ግን መምህሩ ጥቁሩን ገጽ አንሥቶ «ልባችን እንዲህ ነው» ሲል፥ ከፊት የተቀመጠው ሕፃን ወደ ገዛ እጁ ይመለከታል። እኛ ይህን ገጽ እንድትተዉት እንመክራለን። ኢሳይያስም በምዕራፍ 1 ኃጢአትን የመሰለው በቀይ ነው፥ በአለላና በደም በመሰለ ቀለም ነው። የቆሸሸ ነጠላ አምጥታችሁ በልጆቹ ፊት እጠቡ፤ እድፍ ከልብስ ይለቃል፥ ሰው ግን ልብስ አይደለም። ሥዕልም ስታሳዩ፥ ጌታችን በገሊላ ያደገ አይሁዳዊ መሆኑን፥ የአውሮፓ ሠዓሊ በአገሩ ሰው መልክ፥ የጎንደር ሠዓሊም በአገሩ ሰው መልክ እንደ ሣለው ንገሩአቸው።

ከገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ደግሞ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ስም አለ። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር የተወለደ ሂካ የሚባል ሕፃን በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ ወደ ስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፥ በ1872ም ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ከባሪያ የሚበልጥ የተወደደ ወንድም ያለው ሰው ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ወንጌልን ወደ ወገኖቹ ሊያደርስ ወጥቶ በካርቱም በኩል ጥቁር ዓባይን ሽቅብ ይዞ እስከ ፋማካ ደርሶ ነበር፤ በሕመምና በመንገድ እጦት ምክንያት በ1882 ወደ ኋላ ተመለሰ። የሀዋታ ወንዝ የሚፈስሰው ወደዚያው ወደ ጥቁር ዓባይ ነው። ከዚያ በኋላ፥ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1899 ታተመ። «ባሪያ» የተባሉ ሁለት ልጆች ለሚልዮኖች መጽሐፍ ሰጡ።

ሆኖም ይህን ታሪክ ስንናገር ልጁ፥ «እንግዲያስ ሰው የሚከበረው ታላቅ ሥራ ሲሠራ ነው» ብሎ እንዳያስብ። ሂካ በመንገድ ታስሮ ሲነዳ፥ ገና አንድ ፊደል ሳያውቅ፥ በእግዚአብሔር ፊት ያው ኦኔሲሞስ ነበረ። ሕፃናትን የምናጠምቀው ለምንድር ነው? ሕፃን ሥራ የለውም፥ እውቀት የለውም፥ የሚያቀርበው ነገር አንዳች የለውም፤ ተቀባይ ብቻ ነው። በጥምቀት ጊዜ ካህኑ ስሙን ይጠይቃል፥ የየት ወገን እንደ ሆነና መልኩ ምን እንደሚመስል አይጠይቅም። የተጠመቀበትን ቀን ለልጃችሁ አስታውሱት፤ ሰው ምንም ሊጨምርበት ወይም ሊቀንስበት የማይችል ስም ያን ቀን ተሰጥቶታልና።

ልጁ ራሱ ተሰድቦ እያለቀሰ ሲገባስ? «ምንም አይደለም» አትበሉት፤ ለእርሱ ምንም ነው። «አንተም እንዲህ በለው» ብላችሁም ስድብ አታስታጥቁት። ያመመው መሆኑን እመኑለት፥ የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ንገሩት፥ ከዚያም እጁን ይዛችሁ ወደ ጎረቤት ቤት ሂዱና ከወላጆቹ ጋር በሰላም ተነጋገሩ። ሐበሺ የሚለው ቃል በራሱ ስድብ አይደለም፤ ስድብ የሚያደርገው አነጋገሩ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በእስልምና የመጀመሪያውን የጸሎት ጥሪ ያሰማውን፥ ከባርነት ነፃ የወጣውን ቢላልን ቢላል አል ሐበሺ ብለው በክብር ይጠሩታል። ይህን ለጎረቤት በትሕትና ማስታወስ ጠብን ወደ ጨዋታ ሊመልሰው ይችላል። የተሳዳቢው ልጅ አባትም ምናልባት ያፍራል፤ እርሱም ልጁ ቃሉን ከየት እንደ ሰማው ያውቃልና።

በኡም ራኩባ በ1980ዎቹ ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን ተጠልለው ነበር፤ በ2020 መጨረሻም ከትግራይ የሸሹ በዚያው ስፍራ እንደ ገና ድንኳን ተከሉ። በ2023 ደግሞ በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ተሰደዱ። ትላንት ያስጠለለ ዛሬ ጥላ ፈላጊ ሆነ፤ ልጆች ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል።

ይህን ምዕራፍ በዚህ ሳምንት ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ሠረገላ ምን እንደ ሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ በማግሥቱ በገበያው መንገድ የሚያልፈውን ጋሪ አሳዩአቸው። ባለ ጋሪው ፈቃደኛ ከሆነም የጎረቤትን ልጅ ጠርታችሁ ከልጃችሁ ጎን አስቀምጡትና እስከ ወንዙ ይሂዱ።